የጀሶ ክፍሉ የፉል ትሪ

በሐረር ከተማ በእጄ ያላለፈ እግር ካለ፣ እሱ ያልተሰበረ እግር ነው። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ጉራ ነው። ግን እውነትም ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም። ዛሬ ሸዋ በር ቆሜ መንገደኛውን ስመለከት ፊቱን አይደለም የማየው፣ አረማመዱን ነው። «ያ ቀኝ ጉልበት የኔ ነው» እላለሁ ለራሴ። «ያቺ ደግሞ ቁርጭምጭሚቷ፤ ልጅ ሳለች ከግንብ ወድቃ።» ለራሴ የምለው፣ ሌላ የምለው ሰው ስለሌለኝ ነው። እሱን እንደርስበታለን።

ስሜ ጌታቸው ነው። ይህን ስም የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነበር፤ አገሩ በሙሉ ጌቾ ጀሶ ነው የሚለኝ። ሆስፒታል ውስጥ የተሰበረ ሰው ሲመጣ ጀሶ የማስረው እኔ ነበርኩ። በቅርቡ ጡረታ ወጣሁ። እንደውም ትከሻዬ ቀድሞኝ ወጣ፣ እኔ ተከተልኩት። ዕድሜ ልኩን የሰው እጅና እግር ሲስብ የኖረ ትከሻ «በቃኝ» ሲልህ ምን ትለዋለህ? የደሞዙን ነገር አትጠይቁኝ፤ ቁጭ ሳይል የሚሄድ እንግዳ ነበር።

ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻው ድግስ ስልጠና ነበር። ሆቴል አዳራሽ ሰበሰቡን፣ የታሸገ ውሃና እስክሪብቶ ሰጡን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ሰውዬ «በህክምና ሙያ ውስጥ አካታችነት» ሲያስተምረን ዋለ። ሴቱም፣ ወንዱም፣ ቋንቋው ሌላ የሆነውም፣ እምነቱ ሌላ የሆነውም በሙያው ውስጥ እኩል ቦታ ይኑረው ነው ነገሩ። «ቦታ ካጡት ሰዎች ጎን የሚቆም ሰው አጋር ይባላል» አለ። እጄን አወጣሁ።

«ለአጋሩስ፣ ከጎኑ ማን ይቆማል?» አልኩት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ጌቾ ቀለደ ብለው። አቦ፣ ያን ቀን እንኳ አልቀለድኩም ነበር።

ሆስፒታሉ የገባሁት በመጥረጊያ ነው። አባቴ ወታደር ነበር፣ ሐረር ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ወለደኝ፤ አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከገበያ፣ ሐረሪኛውን ከጀጎል ልጆች ጋር ስደባደብ ተማርኩ። ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር ብዙ አልተስማማም። ሆስፒታሉ በጽዳት ሲቀጥረኝ የጀሶ ክፍሉን ወለል እወለውል ነበር። ነጭ ጭቃ ነው፤ ቶሎ ካልጠረግከው ድንጋይ ይሆናል። እየጠረግኩ በዓይኔ እሰርቅ ነበር። የሚጣለውን ቁራጭ ሰብስቤ መጀመሪያ ያሰርኩት የመጥረጊያዬን እጀታ ነው። ቀጥሎ የጎረቤቴ ፍየል እግሯ ተሰብሮ ሊያርዷት ሲሉ «ቆይ ለኔ ስጡኝ» ብዬ አሰርኳት። ዳነች። ባለቤቷ ግን ያልበላው ሥጋ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

ሦስተኛዋ በሽተኛዬ የጠረጴዛ እግር ነበረች። በእሷ ሰበብ ነው ከአው አብዱሽ ጋር የተዋወቅነው። «አው» በሐረሪ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ክብር ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። አው አብዱሽ የጀሶ ክፍሉ ጌታ ነበሩ፤ አጭር፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። አንድ ጠዋት ገብተው ጠረጴዛዋን አዩ።

«ይቺን ማን ገፍትሮ ጣላት?» አሉ።

እኔ መጥረጊያዬን አቅፌ ቆሜያለሁ። ጎንበስ ብለው ጀሶውን በጣታቸው አንጓ ቆረቆሩት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ገበያ ላይ ሐብሐብ የሚመርጥ ሰው ይመስላሉ።

«እዚህ ጋ ባዶ ነው» አሉ። «ወለልህን ስትጨርስ ና።»

እንዲህ ነው የተቀጠርኩት። ወረቀቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተከተለ።

ጀሶ ቀላል ይመስላል፤ ያየ ሁሉ የሚሠራው ይመስለዋል። የጀሶውን ፋሻ ጥቅል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ አረፋው እስኪያቆም ትጠብቃለህ። ስታወጣው ከሁለት ጫፉ ወደ መሃል ነው የሚጨመቀው፤ እንደ ልብስ ከጠመዘዝከው ጀሶው ባልዲው ውስጥ ይቀርና እጅህ ላይ ጨርቅ ብቻ ይቀራል። ስትጠቀልል አትጎትትም፣ ራሱ ይንከባለል። ከዚያ በመዳፍ ታለሰልሰዋለህ። በጣት ከተጫንከው ይሰረጉዳል፣ በስርጉዱ ስር ደግሞ ቆዳ ይቆስላል። አው አብዱሽ ጣቴን ባዩ ቁጥር በእርሳስ ይመቱኝ ነበር። «መዳፍ! መዳፍ! ጣት ለመጠቆም ነው!»

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ጀሶ ከመንከራቸው በፊት በሽተኛውን በቋንቋው ይጠይቁታል፦ «ነገ በዚህ እጅ ምን ልትሠራበት ነው?» መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ከሆነ አውራ ጣቱን ነፃ ይተዉለታል፣ ጨርቁን መግፋት እንዲችል። አስተማሪ ከሆነ ጠመኔ እንዲይዝ አድርገው ያጥፉለታል። «ጀሶ ቤት ነው» ይሉ ነበር፤ «የሚኖርበትን ሰው ሳትጠይቅ ቤት አትሥራ።» ሁለተኛው ልማዳቸው፣ ትናንት ያሰሩትን ሰው ዛሬ ቤቱ ሄደው ጣቱን መንካት ነው። ቀዝቅዞ እንደሆነ፣ አብጦ እንደሆነ። በጀጎል ቀጫጭን መንገዶች ከኋላቸው ስከተል ስንት ደጃፍ ላይ «ማርሐባ» ተብያለሁ!

አሁን ወደ ትሪው ልምጣ።

የጀሶ ክፍሉ ጀርባ በረንዳ አለ። ጠዋት የመጣው በሽተኛ ካለቀ በኋላ እዚያ ተቀምጠን ፉል እንበላለን፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ። ፉል የሆነው በምክንያት ነው። ግማሾቻችን እስላም ግማሾቻችን ክርስቲያን ነን፤ በሥጋ እንለያያለን፣ ባቄላ ግን ሃይማኖት የለውም። ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ረመዳን ሲሆን ትሪው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እኛም ክርስቲያኖቹ አንቀምስም፣ ደስ አይልማ። በዚያ ትሪ አጠገብ ያለፈ ሰው ሁሉ «እንብላ!» ይባላል። ዘበኛው፣ አምቡላንስ ነጂው፣ አስታማሚው፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው። ትከሻ ለትከሻ ጠጋ ጠጋ እንልና ቦታ ይገኛል። እኔ መሃል ነበርኩ። ቀልዱ ከእኔ ይነሳል፣ ዞሮ ወደ እኔ ይመጣል። ከጎኔ ሁልጊዜ ሙክታር ነው፤ ቁስል የሚያጥበው ነርስ፣ የጀጎል ልጅ፣ ጓደኛዬ። ሠርጌ ላይ ከእኔ በላይ የጨፈረ ሰው ነው።

አው አብዱሽ ጡረታ ወጥተው ክፍሉ የእኔ ከሆነ በኋላ ዶክተር ኢክራም መጣች።

የጀጎል ልጅ ናት፤ አባቷ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይነግዳሉ። ቀጭን፣ መነፅር ያደረገች፣ ሂጃቧን አጥብቃ የምታስር። አጥንት ስፔሻሊስት መሆን ነው የምፈልገው ብላ መጣች። እኛ ክፍል ሴት ሐኪም መጥታ አታውቅም ማለት አይደለም፤ ትመጣለች፣ ግን ወር ሳይሞላት ወይ ወደ ማህፀን ወይ ወደ ሕፃናት ክፍል ትሸኛለች። አለቃችን ዶክተር መላኩ ክፉ ሰው አልነበረም። እጁን ብታዩት! አጥንት ሲገጥም መስመር በማስመሪያ ያሰመረ ይመስላል። ግን አንድ ነገር በልቡ ተተክሏል።

«አጥንት ጉልበት ይፈልጋል» አላት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በፈገግታ። «ልጄ ብትሆኚ አልፈቅድልሽም ነበር። ክረምቱ እስኪወጣ እይው፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«እስከ ክረምቱ ማብቂያ ካቃተኝ እሄዳለሁ» አለች። «ካላቃተኝስ?»

ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፈ። እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነበር፤ ክረምቱ ሲወጣ ትቆያለች ወይስ ትሸኛለች።

የመጀመሪያው ፈተና ጭነት መኪና ነጂ ነበር። ትከሻው ወልቋል። ሰውዬው በር አይበቃውም፤ ጉንጩ ላይ ጫቱ እንዳለ ነው። ወሬ ተሰምቶ ወንዱ ሁሉ በሩ ላይ ተኮልኩሏል፣ ስታፍር ለማየት። እኔም ቆሜያለሁ፤ ስትደክም ልስብላት ትከሻዬን እያሟሟቅኩ።

ነጂው አያት። «አቦ፣ ይቺ ናት እኔን የምትስበው?»

«እኔ አልስብህም» አለችው በኦሮምኛ። «አንተ ነህ ራስህን የምትስበው። በሆድህ ተኛ።»

አልጋው ላይ በሆዱ አስተኛችው፣ የወለቀው እጁ ወደ ታች ተንጠለጠለ። «ጋሽ ጌቾ፣ ጄሪካን ውሃ ይሙሉልኝ» አለችኝ። የእጁ አንጓ ላይ በፋሻ አሰረችውና ለቀቀችው። ማስታገሻ ሰጠችው። ከዚያ ምን አደረገች? ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስለ መኪናው ጎማ ትጠይቀዋለች። በሩ ላይ ያለው ሰው መሰልቸት ጀመረ። ሰውዬው ስለ ፍሬን እያወራ ሳለ ትከሻው ጓ! ብሎ ገባ። እሱ ራሱ ደነገጠ።

«ጡንቻ ከሰው ጋር ይታገላል» አለችኝ ኋላ። «ከውሃ ጋር ግን አይታገልም፣ ይደክመዋል።»

ይቺ ልጅ የምታውቀውን ሳላውቅ ስንት ዓመት በከንቱ እንደሳብኩ አሰብኩ። ትከሻዬ ያን ቀን ነው ጡረታ የጠየቀኝ።

ያን ዕለት ፉል ቀረበ። ሻይዋን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ «እንብላ» የሚባልበት ትሪ ላይ፣ ሁሉም ባቄላውን ማየት ጀመረ፤ ባቄላ ከዚያ በፊት ያላዩ ይመስላሉ። ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች።

«ሙክታር፣ ጠጋ በላ» አልኩት በሹክሹክታ። «ልጅቷ ትብላ።»

«አንተ ደግሞ! የሰፈሬ ልጅ ናት። ከወንድ ጋር አንድ ትሪ ላይ እጇን ልትከት? ነውር ነው፣ ወላሂ ለእሷ ብዬ ነው።»

«ለእሷ ካልክ ሳህን እንስጣት፣ እዚሁ ከእኛ ጋር ትቀመጥ።»

«ጌቾ፣ ብላ» አለኝ።

ሁሉም ለእሷ ብሎ ነው! አለቃው ለእሷ ብሎ፣ ሙክታር ለእሷ ብሎ። እኔ ደግሞ አው አብዱሽ አጠገብ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ሳይጠየቅ ቤት ሲሠራለት ያሳክከኛል። ሳህን አነሳሁ፣ ከትሪው የድርሻዬን ቀነስኩ፣ ዳቦዬን ይዤ ጥጉ አግዳሚ ላይ ሄድኩ። «ዶክተር፣ ይቺ ባቄላ ብቻዬን አትወጣልኝም፣ አግዢኝ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ በላን። የአው አብዱሽን ጥያቄ ነገርኳት፤ ወደደችው። ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቅ ጥቅል ስትነክር አላየኋትም።

እኔ መቼም ራሴን አውቃለሁ። ሳምንት አይቆዩም አልኩ፤ የእኔ ቀልድ የሌለበት ፉል ዘይት የሌለበት ፉል ነው፣ ናፍቄያቸው ይጠሩኛል። እሷ ተረኛ ባልሆነችበት አንድ ቀን ወደ ትሪው ተመለስኩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ብቻ ጠጋ ያለ የለም። ትከሻ እድሜ ልኬን ሳጠና የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ትከሻ አይናገርም፣ ግን ይዘጋል። ከኋላቸው ትንሽ ቆሜ፣ ለሻይ የመጣሁ መስዬ ተመለስኩ። ጥጉ አግዳሚ ላይ ሆኜ ሲስቁ እሰማለሁ። በምን እንደሚስቁ አላውቅም። በእኔ ቢስቁ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ሶፊ ከሚባለው ገጠር አንዲት ሴት መጣች። ፋጡማ ትባላለች፤ ጫት ስትቆርጥ ከድንጋይ እርከን ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ዶክተር መላኩ ራሱ ገጠመው፣ እኔ አሰርኩት። ያንን ጀሶ በሙዚየም ማስቀመጥ ይቻል ነበር። በማግስቱ ሐኪሞቹ ሁሉ አልጋ ለአልጋ ሲዞሩ ከኋላ ቆሜያለሁ። ዶክተር መላኩ «እንዴት አደረች?» ሲል ባልዬው መለሰ፦ «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።» እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። የገጠር ሴት ናት፤ ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ፣ ባሏ «ደህና ናት» ካለ በኋላ፣ አይደለሁም ልትል?

ዶክተር ኢክራም ከኋላ ድምፅ አሰማች። «ዶክተር፣ ጣቶቿን ብናይ? ጀሶውን ብንከፍተው?»

«የገጠምኩት አጥንት ይፈታል» አላት። «ነገ እናየዋለን። ርኅራኄ ጥሩ ነው፣ ግን ሕፃናት ክፍል ነው የሚያስፈልገው።» ሰዎቹ ሳቁ። ዙሩ አለፈ።

«ነገ» የተባለው ቀን ዶክተር መላኩ ድሬዳዋ ሄዶ ዋለ፣ ስልኩም አይነሳም። ከሰዓት በኋላ ኢክራም ባልዬውን ሻይ እንዲጠጣ ልካው መጋረጃውን ዘግታ ከሴትዮዋ ጋር ብቻዋን ተቀመጠች። ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል።

«ጋሽ ጌቾ፣ ጣቷን ስዘረጋው ጮኸች። ‹ይሄ እጅ የኔ መሆኑን ካቆመ ቆየ› ነው የምትለኝ። መቁረጫውን ያምጡ።»

«አለቃው ሳያውቅ?»

«አለቃው እስኪያውቅ እጁ አይጠብቅም። እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

የጀሶ መቁረጫ ሲጮህ ሰው ያስፈራል፤ ሥጋ ግን አይነካም፣ ይንቀጠቀጣል እንጂ። ሁልጊዜ በራሴ መዳፍ ላይ አስነክቼ በሽተኛውን አስቀዋለሁ፦ «አየሽ? ይሄ ድንጋይ እንጂ ሰው መብላት አያውቅም!» ያን ቀንም አስነካሁ። አልሳቀችም። በሁለቱም ጎን ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት፣ ውስጡን ጥጥ እስከ መጨረሻዋ ክር በመቀስ ቆረጥኩ። ክንዱ ሲፈታ አብጦ፣ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ኢክራም ጣቶቹን ይዛ ተቀመጠች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ዱዓ ታደርጋለች። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ጥፍሮቹ ቀላ አሉ።

እጁ ተረፈ። ግን ዘግይተን ነበር፤ ሁለት ጣቶቿ ታጥፈው ቀሩ። አጥንቱም ከቦታው ሸሸ፤ ያኔ በብረት የምናስረው ዕቃ አልነበረንም፣ ጠሞ ገጠመ። ጫት ቆራጭ ሴት በሁለት የታጠፉ ጣቶች ምን ትሆናለች? ባልዬው በረንዳው ላይ ቆሞ ጮኸ። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኔ እንደዚያ ክንድ የቆጠቆጠኝ ነገር የለም። በመጀመሪያው ጠዋት እሷን ጠይቀናት ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ጠየቅን እኮ፤ ባሏን።

ስብሰባ ተጠራ። ራጁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ጠማማው አጥንት ለሁሉም ይታያል። ዶክተር መላኩ ሰው በሰው ጠየቀ። ሙክታር መሬት መሬት እያየ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» አለ። እውነቱን ነው፣ አልነበረም። ግን ዙሩ ላይ ነበር። የኔ ተራ ሲደርስ እንደ ልማዴ በቀልድ ጀመርኩ። የትኛው ቀልድ እንደነበር አላስታውስም፤ የማስታውሰው ማንም አለመሳቁን ነው። በሕይወቴ ቀልዴ መሬት ሲወድቅ ድምፁን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ያለ ቀልድ ተናገርኩ። «ዶክተር፣ ያ ጀሶ የኔ ነው። አገጣጠሙ የርስዎ ነው። እንደዚያ ያማረ ጀሶ አስሬ አላውቅም። እጇ እየሞተ የነበረው እዚያ ባማረው ጀሶ ውስጥ ነው። የሰማቻት ይቺ ልጅ ብቻ ናት። ክፍሉ ሰው የሚፈልግ ከሆነ፣ የምትሰማዋን ነው የሚፈልገው።»

«አመሰግናለሁ ጌታቸው» አለ ዶክተር መላኩ። በትክክለኛ ስሜ የጠራኝ ያኔ ብቻ ነው። «ውጭ ጠብቀን።»

ውጭ ጠበቅኩ። ኢክራም ወጣች። «ሕፃናት ክፍል» አለች። «ለራሴ ጥቅም።»

ወደዚያ አልገባችም። ዕቃዋን ሰብስባ፣ ሌላ ከተማ ሌላ ሆስፒታል ልትሞክር ሄደች። በር ድረስ ሸኘኋት።

«ጋሽ ጌቾ» አለች፣ «አሁን እኔ ሄድኩ። ወደ ትሪው ይመለሱ። ይጠሩዎታል።»

«ኧረ ተይኝ፣ ያ ትሪ ያለ እኔ ሚዛኑ ተዛብቶ ሊገለበጥ ነው» አልኳት። ባጃጇ እስክትታጠፍ ድረስ እጄን አወዛወዝኩ።

አልጠሩኝም። የጥጉን አግዳሚ ብቻዬን ወረስኩት።

አንድ ቀን አው አብዱሽ ቤት ሄድኩ። ነደባው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በሐረሪ ቤት ውስጥ ያለው ቀዩ የአፈር መደብ ነው። ያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሟል። የሶፊዋን ሴት ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። 

«ጠማማ እጅ ልጅ ያቅፋል» አሉ። «የሞተ እጅ አያቅፍም። ልጅቷን እንዲህ አለ በልልኝ።» ቀጥለው «አንተስ? ፉልህን ከማን ጋር ትበላለህ?» አሉኝ።

«ከራሴ ጋር። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ቀልዶቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ።»

አልሳቁም። ወደ ውስጥ ተጣሩና አንድ ሰው ጨምሩ አሉ። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን እዚያ በላሁ፣ እሳቸው አላህ ዘንድ እስኪሄዱ ድረስ። ሲቀበሩ ከኋላ ቆሜ፣ አው አብዱሽ በእርሳስ የሚመቱትን ጣቴን አየሁት።

ሥራው ቀጠለ። ዶክተር መላኩ ወደ ሌላ አገር ሄደ፣ ሌላ አለቃ መጣ፣ ከእሱም በኋላ ሌላ። ጀሶው ራሱ ተለወጠ፤ አሁን ሰማያዊና ሮዝ ቀለም ያለው፣ እንደ ላባ የቀለለ ነገር መጥቷል። ልጆች እንደ ጫማ ቀለም ይመርጣሉ። ኢክራም አጥንት ስፔሻሊስት ሆነች! በሌላ ከተማ ሐኪሞች ታስተምራለች። እኔ ለኢድ እደውልላታለሁ፣ እሷ ለፋሲካ ትደውልልኛለች። የአው አብዱሽን ቃል ስነግራት «አንዴ ይድገሙልኝ» አለችኝ። ፋጡማን እኔ አንድ ቀን ጊደር መጋላ አይቻታለሁ፤ በዚያ ጠማማ ክንድ ልጅ ታቅፋ በሽንኩርት ዋጋ ትከራከራለች። ሰላም አላልኳትም። ምን ልላት?

ሙክታርም አንድ ቀን ክፍሌ ገባ፤ በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ያካል።

«ልጄ ሕክምና ጨርሳለች» አለ። «አጥንት ካልሆነ አለች።»

«ጉልበት አላት?» አልኩት።

«ጌቾ፣ አትግደለኝ። ኢክራም ጋ ደውልልኝ።»

ደወልኩ። ተቀበለቻት። ከዚያ ወዲህ ከሙክታር ጋር ሰላምታችን ረዘመ። ወደ ትሪው እንዲጠራኝ ጠብቄ ነበር፤ ግን የሚጠራበት ትሪ አልነበረም። ካፌ ተከፍቷል። ሁሉም የየራሱን ሳህን ይዞ፣ ስልኩን አቁሞ ነው የሚበላው። ያ ትልቁ ትሪ ከግድግዳው መቼ እንደወረደ ማንም አያውቅም። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ አኩርፌ ስጠብቅ ያኮረፍኩበት ቤት ፈረሰ።

ጡረታ ስወጣ ጋቢ አለበሱኝ፣ አጨበጨቡ። አቦከር ሰፈር ወዳለው ቤቴ ገባሁ። ሚስቴ አዳማ ናት፤ ልጃችን ስትወልድ ልታርሳት ሄዳ፣ የተወለደው ልጅ ይኸው ኳስ እየተጫወተ ነው። ግድግዳውን በጣቴ አንጓ ቆርቁሬ ድምፁን እሰማለሁ። ባዶ ነው።

በዚህ ክረምት ሸዋ በር ጋ፣ የሰው አረማመድ ስመለከት የራሴን ረሳሁት። እርጥብ ድንጋይ አዳለጠኝ፣ በቀኝ እጄ ላይ ወደቅኩ። ድምፁን አወቅኩት። «ጌቾ፣ አንጓህ ሄደች» አልኩ፣ መንገድ ላይ ተጋድሜ።

የገዛ ክፍሌ በሽተኛ ሆኜ ገባሁ። የተቀበለችኝ ወጣት ሐኪም ናት፣ ዶክተር ሃና ትባላለች፤ ከሌላ አገር በቅርቡ የተመደበች፣ አታውቀኝም። ራጁን አየች። ጣቶቼን በፋሻ ቀለበት ከላይ ሰቀለቻቸው፣ ክንዴ ላይ የውሃ ጄሪካን አንጠለጠለች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ ጣራ ጣራውን አያለሁ፣ ዓይኔ ውስጥ የገባ ነገር አለ።

«ያምዎታል አባባ?»

«አባባ? እኔ? ገና ጎረምሳ ነኝ እኮ» አልኳት። ሳቀች። አጥንቱ በራሱ ጊዜ ወደ ቤቱ ገባ። ተነስታ ጓንቷን አደረገች፣ ጥቅሉን አነሳች፣ ውሃው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ነገ በዚህ እጅ ምን ሊሠሩበት ነው?» አለችኝ።

አፌ ተከፈተ። «ይሄን ጥያቄ ማን አስተማረሽ?»

«መምህራችን። ሳትጠይቁ ጥቅል እንዳትነክሩ ትለናለች።»

መቼም ታውቁኛላችሁ። ያን ጊዜ የምለው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እኔ እኮ ነኝ፣ ይሄ ጥያቄ ከዚሁ ክፍል ነው የወጣው፣ ከጠረጴዛዋ እግር ጀምሬ ልነግራት ነበር። ግን ጥቅሉን ይዛ ቆማለች። መልስ እየጠበቀች ነው። እኔም ማሰብ ጀመርኩ፤ ነገ። በዚህ እጅ። ስንቱን ሰው ጠይቄያለሁ፣ ሁሉም መልስ ነበረው። ልብስ ሰፊው፣ አስተማሪው፣ ጫት ቆራጯ። እኔ አጣሁ።

«ፉል እበላበታለሁ» አልኩ በመጨረሻ።

ቀልድ መስሏት ፊቴን አየችኝ። አልሳቀችም። አውራ ጣቴንና ሁለቱን ጣቶቼን ነፃ ትታ፣ ዳቦ ለመቁረስ በሚመች መልክ አጥፋ አሰረችኝ። በመዳፏ አለሰለሰችው። በመዳፏ!

ከሆስፒታሉ ወጥቼ በቀጥታ ፉል ቤት ሄድኩ። አሳላፊው «ለአንድ ሰው ነው?» አለኝ።

«ትልቅ ትሪ የላችሁም?» አልኩት።

ከኋላ ፈልጎ፣ አቧራውን ጠርጎ አመጣልኝ። በአዲሱ እጄ ዳቦዬን ቆረስኩ፤ ተቆረሰ። ከመጀመሬ በፊት ግን ከመሃል ተነስቼ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሰው ሲመጣ ጠጋ ማለት እንዳያስቸግር።